ናዖድ ያንብብልህ

ሳን ሆዜ፣ በመስከረም

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካስትሮ ቫሊ ድረስ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ቤተልሔምና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ጥርስ ተነቃነቀ ብለኸኝ ነበር፤ ወለቀላት ወይስ አሁንም በምላሷ እየገፋች ታስቸግራችኋለች? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ መዋሉ አልበቃ ብሎት ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ይተኛል ብላ ቤተልሔም ከስሳሃለች፤ እኔም ፈርጄብሃለሁ። አልጋ ያለህ ሰው ነህ እኮ።

ይህን የምታነበው ልጅስ፣ አንተስ እንዴት ነህ? አዎ፣ አንተን ነው የምለው። ቀና ብለህ አትየው፣ ማንበብህን ቀጥል።

ልጄ፣ ነገሩ አሁን የገባህ ይመስለኛል። አማርኛ ስትሰማ አንዲት ቃል አታመልጥህም፤ ስለ አንተ በስልክ ስንሾካሾክ እንኳ ከጓዳ ሆነህ ትሰማለህ። ፊደሉን ግን አታውቀውም። እህትህ ኢየሩስም እንዳንተው ናት፣ ቤተልሔምም እዚሁ ያደገች ናት። ስልክህን ደግነህ ማሽን እንዲያነብልህ ብትሞክር አልከለክልህም፤ ኢየሩስ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስታ ሞክራው ነበር። ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሕፈቴ የተነሳ ማሽኑ ስለ በግ ዋጋ የጻፍኩ መስሎታል። የቤተ ክርስቲያናችንን አባንም አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ልጄ ወረቀት ይዞ ቢመጣ መነጽሬ ጠፋብኝ በሉት አልኳቸው። ውሸት አይሆንብኝም ወይ ብለው ትንሽ አመነቱ፤ ሁልጊዜ ስለሚጠፋብዎ ውሸት አይሆንም ብዬ አሳመንኳቸው። ስለዚህ የቀረህ አንድ ሰው ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል አዲስ አበባ የተማረ፣ የእኔን ጽሕፈት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ኦክላንድ የሚኖር ናዖድ።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ እየተነበበ ከሆነ ሁለታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችኋል ማለት ነው። ከዚያ ክፉ ለቅሶ ወዲህ የመጀመሪያችሁ ነው። ይኸው ይበቃኛል ብዬ አልዋሽም፣ አይበቃኝም። እኔ የምፈልገው ታርቃችሁ ማየት ነው፤ እሱንም በዓይኔ፣ ቶሎ።

ለምን በቃልሽ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ? «ማ፣ ኖት ቱዴይ»፣ ዛሬ ይቅር ብለህ ሬዲዮውን ከፍ ታደርገዋለህ። ናዖድም ያው ነው። በየበዓሉ ደውሎ እንኳን አደረሰዎት ይለኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ያንተን ስም ሳነሳ ግን «እማማ፣ ፈረቃዬ ደርሷል» ይላል። የነርስ ፈረቃ ሁልጊዜ እንደደረሰ ነው፣ አይደል ናዖድ? ሁለት አርባ ዓመት የሞላችሁ ወንዶች፣ እንደ ሕፃን ጆሯችሁን ስትደፍኑ አታፍሩም? እኔ አፍሬላችኋለሁ።

ለመጻፍ የተነሳሁት አብኔር እኔ ቤት ከመጣ በኋላ ነው። የፊሊፒኖዋ ጎረቤታችን ልጅ፣ የዘፈናችሁን ምት፣ ቢት የምትሉትን፣ ይሠራላችሁ የነበረው አብኔር። አሁን ሳኒቬል ትልቅ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ፀጉሩ አልቋል፣ ፈገግታው ግን ያው ነው። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ እኔ ጋ ጎራ አለና «አንቲ» እያለ ሲያጫውተኝ፣ ዳውንታውን ኦክላንድ ያለ አንድ ቲያትር ቤት የዛሬ ሃያ ዓመት ቤይ ኤሪያን ያስጨፈሩ ቡድኖችን ለአንድ ምሽት ሊሰበስብ እንደሆነ ነገረኝ። ለእናንተ ቡድን ለ«ኤይት ኤይቲ»ም ጥሪ መጥቷል አለኝ። አንተን ሲጠይቅህ ናዖድን ጠይቀው አልከው። ናዖድን ሲጠይቀው እሱን ጠይቀው አለው። እኔ ልሳደብላችሁ ስል አብኔር ከለከለኝ። ከዚያ ጫማውን እያሰረ እንዲህ አለኝ፦ አንቲ፣ የተጣሉት እርስ በርሳቸው ነው፤ አንተስ ምን ሆንክ ብሎ ግን አንዳቸውም ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን ብሎኝ ሲሄድ በጣም ቆጨኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልያዘኝም ብልህ ማጋነን አይደለም። ሦስት ልጆች የሠሩት ነገር እንዲያው እንደ ዋዛ ፈርሶ ሲቀር፣ እኛ ትልልቆቹ ዳር ቆመን ያልፋል አልን። አላለፈም።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሲጀመር ነገሩ የተጸነሰው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ብትክዱ አልሰማችሁም። ናዖድ ከአክስቱ ከያለምዘውድ ዘንድ ሊኖር ገና ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አጠገብህ አስቀመጡት። አንተ የሚሰበከው አይገባህም፣ እሱ እንግሊዝኛ አይችልም። እሱ ስብከቱን በተሰባበረ እንግሊዝኛ በጆሮህ ያንሾካሹክልሃል፣ አንተ ደግሞ በምላሹ ስድብ ታስተምረዋለህ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥቼ ስፈልጋችሁ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ከበሮ የአባትህ ታክሲ ላይ አጋድማችሁ እሱ ይመታል፣ አንተ በእንግሊዝኛ ትለፈልፋለህ። አባ በሩጫ መጥተው ከበሮውን ነጠቋችሁ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፣ አንተንም ጆሮህን ያዝኩህ። እግሬ ግን ሳላዝዘው መሬቱን ይመታ ነበር።

ከዚያ አብኔር መጣ፣ ከዚያ የእነ አብኔር ጋራዥ መጣ፣ ከዚያ ሰላም ጠፋ። ስም አጥታችሁ የመንገድ ቁጥር፣ ኤይት ኤይቲን፣ ለቡድናችሁ ስታወጡ ሳቅሁባችሁ። እናንተ ግን ቁም ነገር ነበራችሁ፤ ናዖድ ከኦክላንድ፣ አንተና አብኔር ከሳን ሆዜ፣ ግማሹን ዕድሜያችሁን የጨረሳችሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሄይዋርድ ላይ ትራፊኩ ሲቆም ነው ግጥም የሚመጣልን ትሉኝ ነበር። አባትህ ነፍሱን ይማረውና የኤርፖርት መንገደኛ ሻንጣ ሊጭን የኋላ ኮፈኑን ሲከፍት የታጨቀ የሲዲ ካርቶን ያገኛል። መንገደኛው ምንድነው ብሎ ሲጠይቀው «የልጄ ነው፣ ስማው» እያለ ያድለው ነበር። እቤት ሲገባ ደግሞ ይህ ጩኸት መቼ ነው የሚቆመው ብሎ ይቆጣችኋል። ሁለቱም እውነት ነበር።

«አይዞህ» የሚለው ዘፈናችሁ በሬዲዮ የወጣ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሳኒቬል፣ የኮምፒውተር ቦርድ እየበየድኩ። አጠገቤ የምትሠራው ቬትናማዊት ሬዲዮ ከፍታ ነበር። ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሐል የናዖድ ድምፅ አይዞህ፣ አይዞህ ሲል ስሰማ መበየጃው ጣቴን አቃጠለኝ። ልጄ ነው አልኳት። የትኛው ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አልኳት። በዚያ በጋ ቤይ ኤሪያ ያለ ወጣት ሁሉ፣ ጥቁሩም ሜክሲኮውም ቻይናውም፣ ትርጉሙን ሳያውቅ በመኪና መስኮት ወጥቶ አይዞህ ይል ነበር። ከዚህ ወጥቶ ቺካጎ ወይ ኒውዮርክ አልደረሰም፤ እዚህ ግን እናንተን የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

ያኔ የናዖድ እናት ዓለምፀሐይ አዲስ አበባ ሆና ሲዲውን ልኮላት ሰማችው። ከእኔ ጋር ተያይተን አናውቅም፣ በስልክ ግን እንደ እህትማማች ነበርን። ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ? አንዱም ቃል አልገባኝም፣ ግን ድምፁ ወፍሯል፣ ይበላል ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ አደራ፣ ልጄ ልጅሽ ነው አለችኝ። እሺ አልኳት።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልምጣ። መጻፍ ቢከብደኝም እጽፈዋለሁ። ናዖድ፣ ካስፈለገህ ውኃ ጠጥተህ ቀጥል።

ኦክላንድ በትልቁ አዳራሽ ቅዳሜ ልትዘፍኑ ነበር። ከሎስ አንጀለስ የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች ሊያዩዋችሁ እንደሚመጡ አብኔር ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል። ሐሙስ ዕለት ዓለምፀሐይ አረፈች። ስልኩ ለያለምዘውድ መጣ፣ ያለምዘውድ ለዕድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ሰረቀብርሃን ነገረች፣ አቶ ሰረቀብርሃን ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ልጁ ትልቅ ጉዳይ አለበት፣ ብቻውንም መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ እሑድ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይረዳ ተባለ። እኔ እንዳልሰማ ተደረገ፤ ወሬ እንደማይቋጠርልኝ ስለሚያውቁ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ለአንተ ግን፣ ልጄ፣ ነገሩህ። አንተ ወንድሙ ነህ፣ ስልኩን ጠብቅ፣ ከአዲስ አበባ ቢደወል አንተ አንሳ፣ እስከ እሑድ አፍህን ያዝ አሉህ። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔንም የአባቴን መርዶ እንዲሁ ጠብቀው ነው ያረዱኝ፣ ሲያረዱኝም ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው ባይኖር እኔም አልኖርም ነበር። አንተ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አልተፈጠርክም። እዚህ ተወልደህ፣ እውነት ቶሎ ይነገራል ተብለህ ተምረህ፣ የእኛን ሸክም አሸከሙህ።

ቅዳሜ አዳራሹ ነበርኩ። ነጭ ለብሼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ። ናዖድ ያን እስክስታውን በራፑ ፍጥነት ሲወርደው ትከሻው የሚያያዝበት አጥንት ያለው አይመስልም ነበር። ሕዝቡ ሁሉ አይዞህ ሲለው ያለምዘውድ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። በደስታ መሰለኝና አቅፌያት አብሬ አለቀስኩ። አንተ የራስህ ግጥም ሲደርስ ማይኩን አወረድክ። ናዖድ ገብቶ ያንተን ቦታ በራሱ ቃል ሞላው፣ ሰው ሁሉ የታሰበበት መስሎት አጨበጨበ። እኔ እናትህ ግን ፊትህን አይቼ የታመምክ መሰለኝ። ስንወጣ መኪናው ውስጥ ነው ያለምዘውድ የነገረችኝ።

ማለዳ ከአባና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። አንተም መጣህ፤ አትምጣ ቢሉህ እምቢ ብለህ። ናዖድ ራሱ በሩን ከፈተ፣ የአዳራሹ የወረቀት አምባር ገና ከእጁ አልወለቀም። ነጠላችንን እንዴት እንደለበስን አይቶ ገባው። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ግን በእኛ መሐል አንተን ፈልጎ አገኘህ። መቼ ሰማህ አለህ። ሐሙስ አልከው። ያኔ ነው ያችን ቃል የተናገረው፦ «ዩ ሌት ሚ ዳንስ»። እናቴ አፈር ከገባች ማግስት ስጨፍር ቆመህ አየኸኝ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመረልህም፣ እስከ ዛሬ።

አንተ ለቅሶው ቤት በየቀኑ መጣህ፣ ወንበር ተሸከምክ፣ እሱ ፊቱን ሲያዞርብህም ወንበር መደርደርህን አልተውክም። የሎስ አንጀለሶቹ ለአብኔር ደጋግመው ደወሉ፣ አብኔር መልስ የሚሰጣቸው አጣ፣ መደወሉንም ተዉት። ዘፈናችሁ ግን እስከ ክረምት ድረስ በሰው መኪና ውስጥ ይጮህ ነበር። ከየትኛውም መኪና በሰማሁት ቁጥር መስኮቴን እዘጋለሁ። የሰፈሩ ሰው ልጁ ለዝና ብሎ ደበቀው አለ። ናዖድም እንደዚያ እንዳመነ አውቃለሁ፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አምን ነበር።

ናዖድ፣ ከዚህ በታች ያለውን እንዳትዘለው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው።

ያን ሐሙስ አመሻሽ ልጄ ቤትህ መጥቶ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ሳይደውል ነው የመጣው። በሩ ላይ አቅፎህ ከወትሮው በላይ ቆየ። ፒዛ አዘዝክ፣ ቅርጫት ኳስ ከፍታችሁ አያችሁ። ከዚያ ተነስቶ የተከመረውን ሳህን በሙሉ አጠበልህ፤ እኔ ቤት አንድ ማንኪያ አጥቦ የማያውቀው ልጅ። አንተም ሳቅክበት፣ ምን ነካህ አልከው፣ ምንም አለህና ወጥቶ ሄደ። የመጣው የሽማግሌዎቹን ቃል ጥሶ ሊነግርህ ነበር።

ይህን የነገረኝ ከአርባዋ በኋላ ነው፣ ከያለምዘውድ ቤት ስንመለስ፣ እኔ እየነዳሁ እሱ እያለቀሰ። በእንግሊዝኛ ሳስበው የቴሌቪዥን ዜና መሰለብኝ አለኝ። በአማርኛ ደግሞ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ሰምቼ አላውቅም፤ እኛ ቤት ሰው ሲሞት ሴቶች መጥተው ይጮሃሉ እንጂ የሚናገር የለም። ጀርባዬን ሰጥቼው ሳህኑን እያጠብኩ ደጋግሜ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አጣሁ አለኝ። «ማ፣ አይ ዲድንት ሃቭ ዘ ወርድስ» አለኝ። ከዚያ ይህን ለአንተ እንዳልነግርህ አስማለኝ። ብትነግሪው ሰበብ ነው የሚመስለው፣ የሚጠላኝ ከሆነ በሙሉ ልቡ ይጥላኝ አለ። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ፤ ንስሐውን ከአባ ጋር እጨርሳለሁ።

አንተም ልጄ የማታውቀው አለ። ናዖድ በየበዓሉ ሲደውል ስምህን አይጠራም ብዬሃለሁ። ግን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ሁሉም ደህና ናቸው ወይ ይለኛል። እኔ ደህና ናቸው ካልኩት በኋላም ስልኩን ቶሎ አይዘጋውም፣ የምጨምረው ነገር እንዳለ እየጠበቀ። ትልቁ ልጅህ ተወለደ ስለው ሳቀ። ወገብህን ታመምክ ስለው የትኛው አጥንት እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚጠላ ሰው አጥንት አይጠይቅም።

እኔን የሚቆጨኝ ዝናው አይደለም። አንተ ጀምረህ የተውከውን ቃል እሱ ይጨርሰው ነበር፣ እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው አንተ ትገባ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ፈልጎ አያገኘውም። ይቆጨኛል። የእኛ ነገር ደግሞ ይቆጨኛል፤ ልማዱን አሸከምናችሁ፣ ቃሉን ግን አላስተማርናችሁም። ዓለምፀሐይ አደራ ስትለኝ እሺ ማለቴ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ቲያትር ቤቱ ሄዳችሁ ዝፈኑ፣ አትዝፈኑ፣ እኔ አላዝዝም። ትከሻችሁ እንደ ድሮው ባይንቀሳቀስ ማንም አይፈርድባችሁም። አብኔርን ግን ዛሬውኑ ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁት፣ ሁለታችሁም፣ በአንድ ስልክ።

ከዚህ በኋላ አንድ ገጽ ቀርቷል። እሱን ናዖድ ጮክ ብሎ አያንብበው። ለብቻው ያንብበው፤ የሐኪሜ ቃል ስላለበት ከእኔ ይልቅ እሱ ይገባዋል። ለኢየሩስ አልነገርኳትም፣ ለአባም አልነገርኳቸውም፣ አቶ ሰረቀብርሃን ጆሮ ደርሶ ሽማግሌ እንዲሰበሰብበት አልፈልግም። ናዖድ የኔ ልጅ፣ አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፈህ አጠገቡ ተቀመጥ። ማለዳ አትጠብቅ። ሰው አትጥራ። ንገረው። በአማርኛ ቢከብድህ በእንግሊዝኛ ንገረው፣ ዜና ቢመስልም ይምሰል። እንዲህ ያለውን በየቀኑ ለሰው የምትናገር ስለሆንክ ብቻ አይደለም የመረጥኩህ። እሱ ከአንተ አፍ ቢሰማው እንደማይወድቅ ስለማውቅ ነው።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ። ወንድም አይንሳችሁ። የከበዳችሁን የምትነግሩት አትጡ። እናንተ ያጣችሁትን ቃል ልጆቻችሁ አይጡት። የዓለምፀሐይን ነፍስ ጌታ በደጉ ስፍራ ያኑርልን፣ ለእኔም የሚመጣውን በሰላም ያሳልፍልኝ። አሜን በሉ፤ ሁለታችሁም፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ።

እናታችሁ